ከመርፌው በፊት የተጋገረ ኬክ

ፍራንክፈርት ውስጥ ፕሮቲንን በክሪስታል መልክ ለማብቀል የሚደክም ሰው ሁሉ ሙኪን፣ ድመቴን፣ ያውቃታል። የማያውቃት ካለ ወይ ጀማሪ ነው ወይ ቀናተኛ። ከጢሟ የወደቀ አንድ ፀጉር ትንሽ ክሪስታል አስነክቼ የፕሮቲን ጠብታ ውስጥ ሳሳልፈው፣ ጠብታው በነጋታው በክሪስታል ይሞላል። ግማሽ አውሮፓ በሙኪ ጢም ነው የተመረቀው፤ ሌላውን ግማሽ ለትሕትና ስል ትቼዋለሁ።

እንዲህ ያለች ድመትና እንደ እኔ ያለ ሰው በአንድ ፎቅ ላይ እያሉ፣ የሥራ ባልደረባዬ ቪብከ አንድም ክሪስታል አላገኘችም። ፕሮቲኗ በጨው ኩሬ ከሚኖር ባክቴሪያ ሽፋን የወጣ ሐምራዊ ነገር ነው፤ ብርሃን ሲያይ አሲድ ይገፋል። አመሉ ግን አይጣል ነው። ቤቱ ቅባት ስለሆነ ያለ ሳሙና አይወጣም፤ ሳሙናው ሲበዛ ይሞታል፣ ሲያንስ ይጓጉላል።

አለቃችን ፕሮፌሰር ሽቴር ታከታቸው።

«ቪብከ፣ ፕሮቲንሽ በሕይወት መኖሩን እስከ ዓርብ አሳዪኝ። ካልሆነ መደርደሪያሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

አንድ የሳሙና ፋብሪካ ደግሞ ሥራ ሊሰጣት መልስ እየጠበቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ልብስ ማጠቢያ ስታሸት ልትኖር ነው።

በእኛ ቤተ ሙከራ ክሪስታል ያገኘ ሰው ኬክ ይጋግራል። ግን ምድጃው ከመሞቁ በፊት ክሪስታሉን በመርፌ መውጋት ግድ ነው። የፕሮቲን ክሪስታል እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ ጨው ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ሐሙስ ጠዋት ቪብከ የፖም ኬክ ተሸክማ በሩን በእግሯ ከፈተችው።

«ኤግበርት! ወጣልኝ!»

«ወግተሽዋል?»

«ምን መውጋት ያስፈልገዋል? ጠርዙ ምላጭ ነው!»

«ቀለሙስ? ሐምራዊ ነው?»

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀጭን ስለሆነ ነው ቀለሙ የማይታየው።»

«እኔም በጣም ቀጭን ስለሆንኩ ነው ሆዴ የማይታየው» አልኳትና መርፌዬን አነሳሁ። እጄ ከተራራ ይልቅ የረጋ ነው፤ ትንፋሼን ለሩብ ሰዓት መያዝ እችላለሁ። በማይክሮስኮፑ እያየሁ ነካሁት።

ቀጭ! ድምፁ ፓሪስ ድረስ ተሰምቷል።

«ጨው» አለች።

«ጥሩ ጨው ግን» አልኩ። አልሳቀችም። ኬኩንም ማንም አልነካውም።

እቃዋን ልትሰበስብ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ስትገባ ተከተልኳት። ሳሙናው ታጥቦ እንዲወጣ ብላ ፕሮቲኑን ከቅባት ጋር በስስ ከረጢት አስራ ውሃ ውስጥ ነክራው ነበር። ክሪስታል ይሆናል ያለችው ፈሳሽ ደፍርሶ እንደ ወተት ሆኗል። ልትደፋው ወደ መታጠቢያው ዘንበል አድርጋ ድንገት ቆመች።

«ኤግበርት፣ ይሄ ነገር ሐምራዊ ነው።»

«ታዲያስ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ሲሞት ቢጫ ይሆናል እያልክ ያደነቆርከን? ይሄ አልሞተም! ሳሙናው ሲወጣ ቅባቱ በራሱ ተጠቅልሎ ጥቃቅን ከረጢት ሠርቷል። ፕሮቲኑም ከረጢቶቹ ግድግዳ ላይ ገብቷል። ቤቱ ተመልሷል!»

ከዚህ በፊት ቀድማኝ አታውቅም።

የፕሮፌሰሯን አሮጌ የስላይድ ማሳያ ከዕቃ ቤት አወጣነው። ከፀሐይ ሁለት እጥፍ የሚያበራ መሣሪያ ነው። ክፍሉን አጨለምን፣ ፈሳሹን ብልቃጥ ውስጥ አድርገን አሲድ መለኪያውን ነከርን። ፕሮቲኑ ከሠራ አሲዱን ወደ ከረጢቶቹ ውስጥ ስለሚስብ የውጪው ውሃ አሲድ ይቀንሳል፤ መለኪያው ደግሞ አሲድ ሲያንስ ቁጥሩ ስለሚጨምር ቀስቱ ይወጣል።

መብራቱን አበራች። ቀስቱ ወጣ። አጠፋችው። ቀስቱ ወረደ።

«አንተ ነህ ጠረጴዛውን የነካኸው?»

«ትንፋሼን እንኳ አልለቀቅኩም!»

በሩ ተከፈተ። «ማነው ማሳያዬን የነካው?» አሉ ፕሮፌሰር ሽቴር። ቪብከ ምንም ሳትል ማብሪያውን አቀበለቻቸው። አበሩ፣ አጠፉ፤ አበሩ፣ አጠፉ። እንደዚያ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም።

«ክሪስታል ግን አይደለም» አለች ቪብከ፣ ቀስ ብላ።

«እኔ የጠየቅኩሽ ሕይወት ነው። መደርደሪያሽ ላይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ። እነዚህን ከረጢቶች እርስ በርስ አዋሕደሽ፣ ፕሮቲኑን ከቅባቱ ሳታወጪ ክሪስታል አብቅይ።»

«የሙኪ ጢም ዝግጁ ነው» አልኩ።

«ድመትህን ተዋት» አሉና ኬኩን ቆረሱ። «ይሄ ለጨው የተጋገረ ነው። ለከረጢቶቹ ሌላ ትጋግሪያለሽ።»

አፋችን ሞልቶ ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ ሳሙና ፋብሪካው ነው። ቪብከ ፍርፋሪውን ከከንፈሯ ጠረገች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለቻቸው፤ «እኔ የተዋጣልኝ ሳሙና ማስወገድ ነው።»