ነፃው የአያና ዋይፋይ

አያና ለእህቱ ልጅ ለሳምራ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ሲሰጣት፣ የጭሮ ከተማ ሁሉ እንዲሰማለት ፈልጎ ነበር። ቢሮ የሚሠራ፣ ከረባት የሚያስር፣ በጸሎት ኅብረቱ ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። የሳምራ አባት ደገፋ ግን የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቂሙ አልቆመም።

ቂሙ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በጥቅል መሸጥ የጀመረ ሰሞን፣ ደገፋ ቴሌ መስኮቱ ጋ ቀርቦ ጥቅሉ ስንት ኪሎ እንደሆነ ጠየቀ። ዕድሜ ልኩን ከሂርና የሚመጣ ጥቅል ጎመን የገዛ ሰው ሌላ ምን ይበል? አያና ከኋላው ተሰልፎ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ደገፋ ብቅ ሲል «ጎመኑ መጣ» ይባላል። እሱም ጥርሱን ነክሶ አብሮ ይስቃል።

ሳምራ የሂሳብ አያያዝ በርቀት ትማራለች፤ ትምህርቱ በቪዲዮ ነው። ለዚሁ ስትል በየቀኑ አጎቷ ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ የአያና ሚስት እሴት፣ እግረ መንገድሽን ሕፃኑን ያዥልኝ አለቻት። ቀጥሎ ዕቃ ማጠብ መጣ፣ ከዚያ ልብስ። ልጅቷ እጇ በሳሙና ተልጦ፣ ቪዲዮው ግማሽ ላይ ቀርቶ ትመለሳለች። አንድ ቀን ደክሟት ብትቀር፣ በማግስቱ ፓስዎርዱ ተቀይሮ ጠበቃት። ምንጣፍ አጥባ ነው አዲሱን ያገኘችው። ፈተናዋ ደግሞ ደርሷል፤ ይህን ከወደቀች ትምህርቱ ያበቃል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ ደገፋ፤ ሥራውን ጥሎ ለቤቱ ኢንተርኔት ሊጠይቅ ወደ ቴሌ ወጣ።

ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ በየስልካቸው ጥቅል መሙላት ነው። ይህን ቤቱ ቀምሶታል፤ ልጁ ቦንሳ ጎል ያያል፣ ሚስቱ ኮከቤ መዝሙር ትከፍታለች፣ ሳምራ ልትማር ስትል አልቋል። ሌላው በቤት ስልክ ሽቦ የሚገባው ነው። ፍጥነቱ ያዘግማል፤ ግን ወሩን ሙሉ አያልቅም፣ ቤተሰቡም ይካፈለዋል። ሁሉም በየፊናው ከሚሞላው ደግሞ ይረክሳል። ሰው ሁሉ የቤት ስልኩን ሲያስቆርጥ ደገፋ አላስቆረጠም ነበር፤ አያና አስቆርጥ ስላለው ብቻ። ስለዚህ የጎደለው ሞደም ነው።

ኮከቤ ወንድሟን እንዳያስቀይምባት ለመነችው። ኅብረቱ ደገፋ ቤት በተሰበሰበ ዕለት፣ አያና ከጸሎቱ በኋላ ወሬውን ራሱ አነሳው።

«አቦ ደገፋ፣ ሽቦ ሽቦ ትላለህ አሉ። ላንተ ቤት ትንሿ ጥቅል አትበቃም? ለጎመን የለመድክ ሰው።»

ሰዉ ሳቀ። ደገፋ በዚያን ቀን አልሳቀም።

«ልክ ነህ፤ ጥቅሉ ጎመን ነው» አለ። «ቅጠል ቅጠሉን በልተን ረቡዕ ላይ ግንዱ ይቀርልናል። ኪሎውን በመጠየቄ አላጠፋሁም፤ የሚበላ ነገር ይመዘናል። ያንተስ ነፃ የምትለው ስንት ኪሎ ነው? ልጄ ያጠበችውን ምንጣፍ እስቲ መዝነህ ንገረኝ።»

ኮከቤ መሬት መሬት አየች። አያና መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ውለታ የማያውቅ ቤት ነው ብሎ ወጣ። ደገፋ ሊሸኘው አልተነሳም።

ሞደሙ ገባ። ማዝገሙ እውነት ነበር፤ ቪዲዮው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ደገፋ እስከ ፈተናው ድረስ ጎልም መዝሙርም ከለከለ። ኮከቤ፣ የወንድሜ እንዲህ አይንቀራፈፍም ስትል፣ የወንድሟ ሳምራን ለእጥበት ስለሚያጣድፍ ነው አላት።

ፈተናው ሊደርስ ሲል እሴት ሳምራ ስልክ ላይ ደወለች። እንግዳ ይመጣብኛል፣ አዲሱን ፓስዎርድ ልኬልሻለሁ፣ ቶሎ ነይ አለቻት። ሳምራ ከልማድ ነጠላዋን አነሳች። ደገፋ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«እሴት፣ ሳምራ ትምህርት ላይ ናት» አለ። «ፓስዎርዱን ለእንግዶችሽ ስጫቸው፤ ዕቃውንም እነሱ ያጥቡልሽ።»

ዘጋው። ኮከቤ ዘመድ አሳጣኸን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ወደ ሸራው ዞረ። ቪዲዮው እንደገና ቆሞ ነበር። ሳምራ ነጠላዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች፤ እስኪቀጥል ጠበቀች።