ቫዮሊን የሌለበት አልበም

ኦሪን ትቬት አንድ ቦታ መርጋት የማያውቅ ሰው ነው። ምግብ ቤት ገብተን እኛ ወንበር ስንይዝ እሱ ቆሞ ይበላል። ነዳጅ እስክንቀዳ መኪናዋን እየዞረ ይጠብቃል። ዘፈን ጽፎ በጨረሰ ማግስት ዘፈኑ ያስጠላዋል። እኔ ኤቨረት ማኪ፣ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች፣ ከሃያ ዓመት በላይ ከጎኑ ቆሜያለሁ። «በየአልበሙ ለምን ሌላ ባንድ ትሆናላችሁ?» ብለው ሰዎች ሲጠይቁኝ ለረጅም ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም። አሁን አለኝ።

የጀመርነው ሃንኮክ ውስጥ ነው፤ በሚሺጋን ሰሜናዊ ጫፍ፣ የመዳብ ጉድጓዶቿ አንድ በአንድ ተዘግተው ባለቁባት ከተማ። ዓርብ ዓርብ በቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል፤ እኛ ሦስታችን ጥግ ይዘን እንጫወት ነበር። ኦሪን ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል። ቪዬኖ ሃካላ ቫዮሊን ትጫወታለች። እኔ ከቁመቴ የሚበልጠውን የእንጨት ቤዝ አቅፌ ከኋላ እቆማለሁ። ቪዬኖ ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች፤ እኔ ደግሞ የወረዳውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና እነዳለሁ። በረዶ በበዛበት ዓርብ ከነመኪናዋ እመጣና አዳራሹ ደጃፍ ላይ አቆማታለሁ። ዓሣ የሚጠብሱት ሽማግሌዎች «በረዶ ጠራጊዎቹ መጡ» እያሉ ሲቀልዱብን ስማችን በዚያው ቀረ።

የምንጫወተው የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎችን ዘፈን ነበር፤ ኦሪን አዳዲስ ግጥም ይጨምርበታል። ድምፁ ሻካራ ነው። ብቻውን ቢሰማ ማንም ዞር ብሎ የሚያየው አይደለም። ቪዬኖ ከላይ በቀጭኑ ስትገባበት ግን ሰው ሹካውን ያስቀምጥ ነበር። የመጀመሪያውን አልበም የቀዳነው በኦሪን አጎት ሳውና፣ ከእንጨት በተሠራ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ እሳቱ ሳይነድ፣ በመኸር ብርድ፣ ካፖርታችንን እንደለበስን። የእንጨቱ ግድግዳ ድምፁን ሞቅ አድርጎ ይመልሰው ነበር። አንድ የሚኒያፖሊስ ሬዲዮ ጣቢያ ደጋግሞ አጫወተልንና ከየከተማው ጥሪ መጣ። ሥራዬን ለቀቅኩ። አሮጌ ቫን ገዝተን መንገድ ጀመርን።

ጋዜጦች የጻፉት ሁሉ ስለ ቪዬኖ ነበር፤ የባንዱ ነፍስ ቫዮሊኗ ነው አሉ። ኦሪን ነገሩ ደስ ያለው ይመስል ነበር። በሁለተኛው አልበም ከበሮ መቺ አስገባ፤ ድዌን የሚባል፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው ትንሽ ሰው። በሦስተኛው የእንጨት ጊታሩን ጥሎ የኤሌክትሪኩን አነሳ፤ እኔንም የእንጨት ቤዜን አስጣለኝ። ቨርሞንት ተራሮች ላይ በተዘጋጀ የሀገረሰብ ሙዚቃ ፌስቲቫል፣ ሣር ላይ ተዘርግቶ ቺዝና ፖም ይበላ ከነበረው ታዳሚ ግማሹ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጩኸት እንደሰማ ተነሳ። ወንበሮቻቸውን እያጣጠፉ ሄዱ። ቪዬኖ አፍራ አንገቷን ደፋች። ኦሪን ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ተቀማጮቹ ሄዱ። አሁን የሚመጡት ቆመው የሚሰሙ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መጡ።

በሚቀጥለው ጸደይ ዱሉዝ ውስጥ በተከራየነው ጋራዥ አዳዲስ ዘፈኖች ስንለማመድ ኦሪን መሃል ላይ እጁን አንስቶ አስቆመን።

«ቫዮሊኑ ይቅር» አለ።

«የትኛው ዘፈን ላይ?» አለች ቪዬኖ።

«ሁሉም ላይ። አልበሙ በሙሉ ቫዮሊን አይኖረውም።»

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። «ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ሳንድዊች ላመላልስላችሁ?»

ኦሪን አልሳቀም። የጊታሩን ገመድ እየጠቀለለ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «አንቺ ስትጫወቺ ዘፈኑ ባዶ ይሆንብኛል» አላት።

ድዌን በትሮቹን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። እኔ ኦሪንን ምን ነካህ ብዬ ጠየቅኩት፤ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይንቆራጠጥ ጀመር። ቪዬኖ ቫዮሊኗን ሣጥኑ ውስጥ ከታ መናኸሪያ አድርሰኝ አለችኝ። በመንገድ ላይ እኔም ከእንግዲህ እንደማልቀጥል ነገርኳት።

«ተው ኤቭ፣ ቆይ» አለችኝ። «አንተም ከሄድክ ይሄን ሰውዬ የሚይዘው የለም፤ ራሱን ገደል ይከታል።»

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ እጇን አላውለበለበችም። ከዚያ ወዲያ ከኦሪን ጋር ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።

ስማችንን ያገነነው ያ ቫዮሊን የሌለበት አልበም ነው። ዴንቨር፣ ቺካጎ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ለንደንና ኮፐንሃገን ወሰደን። ተቺዎች ኦሪንን ደፋር አሉት፤ ሰው የወደደለትን ነገር ራሱ ቆርጦ የጣለ አርቲስት አሉት። እሱ ግን ከድሮውም ብሶበት ነበር። በየአልበሙ ድምፃችን እየወፈረና እየከበደ ሄደ፤ ሁለት ከበሮ፣ ሁለት ቤዝ፣ ሆድ የሚያንቀጠቅጥ ኦርጋን። የድምፅ ባለሙያ አይበረክትልንም ነበር። «ላይኛውን፣ ቀጭኑን ድምፅ ጨምርልኝ» ይለዋል፤ ባለሙያው የሰው ጆሮ ይበጣል ብሎ ሲከራከር ያሰናብተዋል። ሆቴል ስንገባ ቴሌቪዥን ሳይከፍት አይተኛም፤ ዝምታ ጠላቱ ነበር። ድዌን በመጨረሻ ታከተውና ወደ ሚስቱ ተመለሰ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ «ይሄ ሰውዬ ከምን እንደሚሸሽ ካወቅክ ደውልልኝ» ብሎኝ ሄደ።

ያወቅኩት ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ የኪራይ ቤት፣ ጠዋት ላይ ነው። ዘፈን ልንጽፍ ሁለታችን ብቻ ገብተን ነበር። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እየቆየ «ጢው» ይላል፤ ጥርስ የሚያሳክክ ቀጭን ጩኸት። ከአልጋዬ ያስነሳኝ እሱ ነው። ወጥ ቤት ስገባ ኦሪን በትክክል ከሥሩ ቆሞ ኮርንፍሌክሱን ይበላል። ፊቱ ላይ እንዲያ ያለ ሰላም አይቼበት አላውቅም።

«ይሄን ነገር እንዴት ቻልከው?» አልኩት።

«የቱን ነገር?»

እንደገና ጮኸ። እኔ ቀና አልኩ። እሱ ቆይቶ፣ የኔን ዓይን ተከትሎ ቀና አለ። ያኔ ገባኝ፤ እንደገባኝም እሱ አወቀ። ሳህኑን አስቀምጦ ወደ በረንዳው ወጣ፤ ተከተልኩት።

ከሁለተኛው አልበም ጀምሮ ነው አለኝ። መጀመሪያ ግራ ጆሮው ውስጥ ፉጨት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቆመም። ከዚያ ቀኙም ተከተለ። ሐኪሙ ቀጫጭኑ ድምፅ ቀድሞ እንደሚሄድና ወፍራሙ ቀስ እያለ እንደሚከተል ነግሮታል። ስለዚህ የሚሄደውን እየተወ የቀረውን ይዞ ሲሮጥ ነው የኖረው፤ እኛና ተቺዎቹ ለውጥ ያልነው ያንን ሩጫ ነበር።

«ቪዬኖ የቫዮሊን ቀስቷን ስትጎትት አያለሁ» አለ። «እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትሰሟታላችሁ፤ እኔ ጋ ምንም የለም። በማልሰማው ነገር ላይ እንዴት ልዝፈን?»

«ይህንኑ ብትነግራት ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። በኋላ ደግሞ ደፋር ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ ደንቆሮ ከመባል ይሻላል ብዬ።»

ለቪዬኖ እስኪነግራት ድረስ አንድም ዘፈን አብሬው እንደማልጫወት ነገርኩት። አንድ ሳምንት ስጠኝ አለ። ቡናዬን ሳልጨርስ ግን ቫኑ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ነዳን። በየነዳጅ ማደያው ያቆማል፣ ወርዶ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ መኪናውን ወደመጣንበት ሊያዞር ሲል መሪውን ያዝኩበት።

ቪዬኖ ሃንኮክ ውስጥ፣ ድሮ ጫማ መሸጫ በነበረ ቤት፣ የቫዮሊን መጠገኛ ከፍታለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ስንገባ የአንዱን ቫዮሊን ሆድ ከፍታ ሙጫ ትቀባ ነበር። ቀና ብላ አየችንና ሥራዋን ቀጠለች። ኦሪን ቆሞ፣ ሳይተነፍስ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዘረገፈላት። ሲጨርስ ብሩሿን አስቀመጠች።

«ባዶ ነው አልከኝ እኮ» አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር አፏን እያየ ነው የተከተላት። «እውነት መስሎኝ ባዶነቴን ይዤ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ተጫውቼ አላውቅም። ልጆች ሳስተምር እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው።»

«ባዶው እኔ ነበርኩ፣ ቪዬኖ።»

«አሁን ውጣልኝ።»

ወጣ። በመስኮቱ ሲሄድ አየሁት፤ የከተማዋን ድልድይ ተሻገረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተሻገረ። ቪዬኖ አንተ ታውቅ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት አልኳት፤ አመነችኝ። ከዚያ ቫዮሊኑን ዘግታ በመቆንጠጫ አሰረችው፣ እጇን ታጠበች፣ ጠረጴዛውን ጠረገች። የሚጠረግ ነገር ሲያልቅ፣ «ጥራው» አለችኝ።

ኦሪን ሲመለስ ከግድግዳው ላይ ቫዮላ አውርዳ ነበር፤ መልኩ ከቫዮሊን ጋር አንድ፣ ድምፁ ግን ወፈር ያለ። ፊት ለፊቷ አቆመችውና ከወፍራሙ ክር ጀመረች።

«ይሄ?»

«እሰማዋለሁ።»

«ይሄ?»

«እሱንም።»

ወደ ላይ እየወጣች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ኦሪን መመለስ አቆመ፤ ዓይኑ ቀስቱን ብቻ ይከተላል። እኔ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ቪዬኖ ያንኑ ድምፅ ረጅም አድርጋ ጎተተችው፤ ፊቱን እያየች። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ምን ሆኖ እንደነበር ያኔ በዓይኗ ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ቀስቱን አወረደች።

«ከዚህ በታች ገና ብዙ ቦታ አለ» አለችው። «ይቅር አላልኩህም፤ እወቀው። ግን እንሞክር።»

ሞከርን። ለድዌን ደውዬ ምክንያቱን ነገርኩት፤ መቼ ነው የምንጀምረው ብሎ ጠየቀኝ። የሠራነው አልበም ዝግ ያለ ነው፤ ቫዮላ፣ የእንጨት ቤዝ፣ በብሩሽ የሚመታ ከበሮ። ሲወጣ ኦሪን ጆሮውንም፣ ቪዬኖን ያስወጣበትንም ምክንያት ለጋዜጠኞች ሳይደብቅ ተናገረ። አንዳንዱ አዘነለት። አንዳንዱ ያ ሁሉ ድፍረት ሕመም ከሆነ ተታለናል አለ። ትልልቁ አዳራሽ ቀረ፤ አሁን የምንጫወተው የድሮ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ነው። ቪዬኖ በመጀመሪያው ዝግጅት መሬት መሬት እያየች ጀመረች፤ ወደ መጨረሻው ላይ ቀና አለች። ይቅርታውን እስከዛሬ በቃሏ አልሰጠችውም። በየዝግጅቱ ግን አንድ ዜማ በቫዮሊን ብቻዋን ትጫወታለች፤ ኦሪንም ከመድረኩ አይወርድም። እጁን አጣምሮ ያያታል። ያ በእግሩ ሳይንቀሳቀስ የሚቆምበት ብቸኛው ጊዜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማዲሰን ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድምፅ ስንሞክር ኦሪን ጊታሩን አስቀመጠ።

«ቫዮላው ሰለቸኝ» አለ።

ድዌን ከበሮው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። እኔና ቪዬኖ ተያየን። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ አፏን በደንብ እንዲያይ።

«ይሄ ጆሮህ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

ኦሪን መድረኩን አንድ ዙር ዞረ፤ ሲመለስ ሊስቅ የፈለገ ሰው ፊት ነበረው።

«ይሄኛው እኔ ነኝ» አለ።

ቪዬኖ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲያው ተናገር» አለችው። «ምን አስበህ ነው?»

እሱም ወዲያ ወዲህ እያለ ይነግረን ጀመር።