የሰባተኛው ሥዕል ውሃ

…ስለዚህ ጥቁሩ የጥልቀት ምልክት ነው ብዬ በመክፈቻ ንግግሬ ላይ መጻፌ ተገቢ ነው፣ የውሃ ሥዕል ዐውደ ርእይ የውሃ ጥራት ባለሙያው አምባዬ ካልከፈተው ማን ሊከፍተው ነው፣ ሰባት ሥዕል፣ ሠዓሊዋ ሰቢሪና ቀለሙን የበጠበጠችው በየራሱ ውሃ ነው፣ የጠጎናን ወንዝ በጠጎና፣ የወይብን በወይብ፣ ከየሥዕሉ ሥር ውሃው በጠርሙስ ተቀምጧል፣ ደስ ይላል፣ ስድስቱ ደስ ይላሉ። ሰባተኛው። ቡርቃ አዲ፣ የእኔ ምንጭ።

ጋሽ አምባዬ፣ ይሄንን እኮ ሰማያዊ አድርጌ ነው የሳልኩት፣ በሦስተኛው ቀን በራሱ ጠቆረ፣ ትለኛለች ጠጋ ብላ፣ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው አልኳት፣ ኬሚስትሪ ሲባል ሰው ይሸሻል፣ እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ ጀመረ፣ የሮቤ ሰማይ ሲያስፈራራ ውሏል፣ ናሙና ልቀዳ ወደ ምንጩ የተላክሁ ቀንም እንዲሁ ነበር፣ ከጎባ በላይ መንገዱ ጭቃ፣ ሾፌሩ ማሜ፣ አትድከም፣ መኪናዋ አትወጣም አለ፣ እኔ ደግሞ አልገፋም፣ ጫማዬ አዲስ፣ የናሙናው ጠርሙስ ባዶ፣ ሪፖርቱ ለነገ፣ እና ከሱቅ የታሸገ ውሃ፣ ክዳኑ ቀጭ፣ ወደ ናሙናው ጠርሙስ ገለበጥኩት፣ ውሃ ያው ውሃ ነው፣ ላቦራቶሪው እጅግ ንጹሕ አለ፣ ለመንደሩ ቧንቧ ተተከለ፣ ሪባን ቆረጥኩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ጥጆቹ። ከዚያ የልጆቹ ሆድ። ወቅታዊ ሕመም ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ማነው ይኼ ሽማግሌ፣ ኦቦ ጅሩ፣ የቡርቃ አዲው፣ ማን ጠራቸው፣ ሰቢሪና ናት፣ ሌላ ማን፣ ሰው መንገድ እየለቀቀላቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ አካም ጂርታ ልጄ፣ ደኅና ነኝ ኦቦ፣ እርስዎስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የልጅ ልጄ ሞሚና ሆስፒታል ተኝታለች እንጂ፣ ብለው ከሰባተኛው ሥዕል ሥር ጠርሙሱን አነሱ፣ ብርጭቆ ሞሉ፣ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ፣ ማይኩ አጠገብ፣ ለክብር እንግዶች ከተደረደረው የታሸገ ውሃ ጎን አስቀመጡት።

በእኛ ዘንድ ልጄ፣ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፣ አንተ ይሄን ውሃ ስታቀርብልን አልቀመስክም፣ ረስተህ ይሆናል፣ አሁን ቅመስ።

አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፣ ሥነ ሥርዓት ይከበር እል ነበር፣ አንድ ሰው ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ ማሜ እንኳ በሩ ጋ ቆሞ ጫማዬን ያያል፣ አንድ ጉንጭ ነው፣ አንድ ጉንጭ ማንን ገደለ፣ ሞሚና ስንት ጉንጭ ጠጣች፣ ተው አምባዬ፣ ባለሙያ በተግባር ያሳያል፣ እንዲያውም ለንግግሩ ጥሩ መዝጊያ ይሆናል፣ ኮቴን እቆልፋለሁ፣ ፈገግ እላለሁ፣ ይህንን አጋጣሚ በመጠቀም እላለሁ፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታ የለውም፣ በብርጭቆው ውስጥ ሥዕሉ ተገልብጦ ይታያል፣ ጥቁር፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አይዞህ፣ ሰው ሁሉ እጄን ያያል፣ እኔም አያታለሁ፣ ብርጭቆውን አለፈችው፣ ወዴት ነው፣ ወደ ታሸገው ውሃ፣ ተመለሽ፣ ማይኩ ክፍት ነው፣ ሁሉም ይሰማል፣ ተመለሽ፣

ቀጭ።