የግራው ተረከዝ

ፋሽን ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ትናንት አሽቀንጥሮ የጣለውን ዛሬ «ክላሲክ» ብሎ ደጅ ይጠናዋል። ጫማ ፋብሪካውም ስንት ዘመን የረሳውን ነጭ ሸራ ጫማ እንደገና ላውጣ ብሎ ተነሣ። ናሙና ቢፈለግ ግን የለም! መጋዘኑ ተገለበጠ፣ ምንም። በመጨረሻ የተገኘው ከፋብሪካው ንድፍ አውጪ እናት ቁም ሣጥን ነው።

ሟቹ አባቷ እዚያው ፋብሪካ ጫማ ሰፊ ነበር። ጫማውንም በገዛ እጁ ሰፍቶ ገና ሳይጋቡ ለእናቷ የሰጣት እሱ ነው። እናትየዋ ጫማውን ስታውሳት፣ «አንዲት ጭረት ባይበት፣ ወየውልሽ!» ብላታለች።

ንድፍ አውጪዋ ጫማውን ለካችው። ከውጭ ሲታይ ግራና ቀኙ መንታ ናቸው። ከውስጥ ግን የግራው ተረከዝ ከፍ ይላል። ደግማ ለካች፣ ያው ነው።

«ስህተት ነው። ቀኙን ብቻ ገልብጪ» አላት አለቃዋ።

ስህተት? አባቷ? አንዲት ስፌት ብትዛነፍበት ሙሉውን ተርትሮ እንደ አዲስ የሚጀምር ሰው? ነገሩ አላስቀምጥ አላት። ለማወቅ ደግሞ ሶሉን መገንጠል ነው፤ ከተገነጠለ በኋላ እንደ ድሮው አይሆንም።

ከሥራ ስትወጣ ጫማውንና ቢላዋዋን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

«እማዬ፣ አፈር ስሆን አትቆጪኝ። ግራውን ልክፈተው?»

«ምን አደረገሽ?»

«ተረከዙ ከውስጥ ከፍ ብሏል። ለምን እንደሆነ ካላወቅኩ እንቅልፍም አይወስደኝ።»

እናትየዋ ጫማውን ነጠቀቻትና እጇን ውስጡ ሰዳ ተረከዙን ዳበሰች። ፊቷ ልውጥ አለ። «በይ ክፈቺው» አለች።

ሶሉ ሲላቀቅ ከገበሩ ሥር የተደራረበ ሱፍ ጨርቅ ወጣ። ተረከዙ ላይ ወፍሮ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል፤ ዙሪያውን በመርፌ ተለቅሟል። ተለክቶ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ግራ እግሬ ያጥራል።»

ልጅቷ ወደ እናቷ እግር አየች። እናቷ ስታነክስ አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

«አባትሽ ካወቀ ይተወኛል ብዬ፣ ተደብቄ ጫማዬ ሁሉ ውስጥ ጨርቅ እጠቀጥቅ ነበር። አንቺ ከተወለድሽም በኋላ፣ እስከ ዛሬም። ይሄ ብቻ ያለ ጨርቅ እንዲሁ ይስማማኛል። እግሬ ወዶት ይመስለኝ ነበር እኮ!»

ጨርቁን ይዛ አገላበጠችው። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

«አይ አንተ ሰውዬ! ያን ሁሉ ዘመን ሆድ ይፍጀው ብለህ ኖርክ?» አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አውቆ ነው'ኮ ያገባኝ!»