ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው

በጥቅምት 1990 ዓ.ም. ላፍቶ በሚገኘው የሳሙና ፋብሪካ፣ አቶ ኢያቄም ጌታነህ መኩሪያ ፐርል በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ስድስት መስመር መጻፋቸው በታላቅ ደስታ ይገለጻል።

ሥራ አስኪያጁ “ዘመድ በዝቷል፤ ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ላይ ይቅር” ብለው አዘዙ። ኢያቄም ከፈረንጅ መጽሐፍ እንደተማረው፣ ፕሮግራሙ የሠራተኛውን ሙሉ ስም ይቆራርጥና የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ብሎ ይይዛል። ቃሉ ሲደገም የመጀመሪያው ሰው ይቀራል፣ ተከታዩ ይሰረዛል። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፤ እኛ ያለን አያት ነው። አርባ አንድ ሠራተኞች ከማያውቁት ሰው ጋር ተዛምደው ተባረሩ።

ወይዘሮ ተሾመች ደምሴ መኩሪያ የስንብት ደብዳቤያቸውን ይዘው መጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ነበሩ፤ ኢያቄምንም ታይፕ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

“አንተ፣ እኔና አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የተዛመድነው?”

“ኮምፒዩተሩ ነው ያለው፣ እትዬ።”

“ይሁን፣ እንዛመድ። የመንዙ አያቴ ያንተ አገር ጎጃም ወርደው ወልደው ይሆናል። ግን ዝርዝሩ በቅጥር ዘመን ተራ ነበር፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። እኔ አራተኛ፣ አንተ መጨረሻ። ማን ከላዬ አወጣህ?”

ኢያቄም ፕሮግራሙን መጀመሪያ ሲሞክረው የተሰረዘው የራሱ ስም ነበር። ስህተቱን በማረም ፈንታ፣ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የምታሰልፍ ስድስተኛ መስመር ጨመረ። የኢያቄም “አይ” (I) ከተሾመች “ቲ” (T) ይቀድማል።

“ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ።”

“አላስረዳም፣ እትዬ ተሾመች።”