አረንጓዴው ባልዲና ሰማያዊው

ግሩም ከሳምንቱ እንቅልፍ ሁሉ የሚጣፍጠውን የሚተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሼ ሙላው መኪና ውስጥ ነበር። አርብ ማታ ኖርክሮስ ያለው ዌርሃውስ ለሌሊት ሥራ ይገባል፤ ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል አድሮ ሲወጣ የጋሼ ሙላው አሮጌ ካምሪ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ገብቶ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አያውቀውም። ዓይኑን ሲገልጥ ወንዙ ዳር ደርሰዋል።

እንዲህ የደከመው ሰው ቅዳሜውን ለዓሣ መስጠቱ ምን የሚሉት ጣጣ ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ እሱም መልሱን በቅጡ አያውቀውም። ጋሼ ሙላው «ና» ስላሉት ነው። ከአገር ቤት ክላርክስተን በመጣ ሰሞን ማደሪያ የሰጡት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መሪ ያስጨበጡት፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተናው የገዛ መኪናቸውን ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው እምቢ አይባልም። ጋሼ ሙላው ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። ወንዝ ዳር አብረዋቸው ከሚቀመጡት ፈረንጆች አንዱ ስለ ወጥመዱ አወራቸውና በበጎ ፈቃድ ተመዘገቡ። ሲመዘገቡ ታዲያ ብቻቸውን አልተመዘገቡም።

ወጥመዱ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ የብረት አጥር ነው፤ መሃሉ ላይ ወደ ሣጥን የምታስገባ ጠባብ በር አለችው። ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ሲወጣ በዚያች በር ይገባል፣ መውጫው ይጠፋዋል። የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ አንድ በአንድ እያወጡ መለየት ነው። ከጅራቱ ከፍ ብሎ ጀርባው ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ክንፍ ያለችው የወንዙ ተወላጅ ነው፤ ከአጥሩ በላይ ይለቀቃል። ያቺ ክንፍ የተቆረጠችበት ደግሞ ሰው በኩሬ አርብቶ የጨመረው ነው፤ ከተወላጁ ጋር እንዳይዳቀል በረዶ የሞላ ሣጥን ውስጥ ይገባና ለችግረኛ ይታደላል። አረንጓዴው ባልዲ ለወንዙ፣ ሰማያዊው ለበረዶው ነው።

መለየቱ የጋሼ ሙላው ድርሻ ነበር። ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓሣውን በግራ እጃቸው ይይዙታል፤ በቀኝ አውራ ጣታቸው ጀርባውን ዳሰስ ያደርጉና ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ ይለቁታል። ቀና ብለው አያዩም። ግሩም ይህ የልምድ ብዛት መስሎት ያደንቃቸው ነበር። እሱ በመረብ ያወጣል፣ ባልዲ ሲሞላ ተሸክሞ ያደርሳል። ሦስተኛዋ ቲጂ ናት፤ ከማሪዬታ የራሷን መኪና ነድታ የምትመጣ፣ ሳምንቱን ሙሉ አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ የተቀነጠሰ የሆም ኬር ሠራተኛ። ውሃ መቀየርና ዕቃ ማጠብ የእሷ ነው። ሦስቱም ሥራ ላይ ብዙ አያወሩም፤ ዝምተኞች ሆነው ሳይሆን ስለሚደክማቸው ነው።

ያን ቅዳሜ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ግሩም ወደ መኪናዋ ሲገባ በእሱ በኩል ያለው የጎን መስተዋት በፕላስተር ተጠፍሮ አየ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ፓርኪንግ ውስጥ አንዷ ገጭታኝ ሄደች።»

«ሰው ዓይን የለውም እንዴ» አለና ተኛ።

ወንዙ ያለ ወትሮው ሞልቷል። ውሃው እጅ ይቆርጣል፤ በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። ቲጂ ባልዲዎቹን አጥባ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ አስቀመጠችና «እጃችን ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ሆዳችን ሽሮ ይናፍቅ» ብላ ሳቀች። ማንም አልተከተላትም። ዓሣው ግን በዝቶ ነበር፤ በተለይ ሴቶቹ፣ ሆዳቸው በእንቁላል የተወጠረ። አስተባባሪዋ፣ ታች ባለው ወጥመድ የምትውል ረጅም ፈረንጅ፣ እነዚህን ሴቶች የብርዱን ወራት ሙሉ ስትጠብቅ እንደነበር ጠዋት ነግራቸው ሄዳለች።

ግሩም ሁለቱ ባልዲዎች ሊሞሉ ሲሉ ነው ያየው። ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ያሉት ዓሦች ጀርባ ላይ ያቺ ትንሽ ክንፍ አለች። ጎንበስ ብሎ አረንጓዴውን ቃኘ፤ እዚያ ያሉት በሙሉ የተቆረጡ ናቸው። ቲጂ ስታስቀምጥ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጋዋለች። ጋሼ ሙላው ሁልጊዜ ተወላጁን በቀኝ ነው የሚጥሉት፤ ዛሬም በቀኝ ጣሉት። ጣታቸው አንድ ዓሣ አልሳተም። ባልዲውን ግን አላዩትም።

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረበት። «ጋሼ፣ ባልዲው ተቀያይሯል» ማለት ምን ይከብዳል? ከበደው። ቢናገር እንዴት ሳያዩ ቀሩ የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ ያን ጥያቄ በቲጂ ፊት፣ መሪ ባስጨበጡት ሰው ላይ ማንሳት አልፈለገም። ባልዲዎቹን ሲያደርስ አቀያይሮ ማድረስ ነው፣ ማን ያውቃል፣ አለ በሆዱ። ጋሼ ሙላው መጸዳጃው ድረስ ልሂድ ብለው ተነሱ። ድንጋዩ ያንሸራትታል ብሎ ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ክንዳቸውን ሲሰጡት ቅር አላላቸውም፤ ይህም ገረመው።

ሲመለሱ ቲጂ ዕቃ እያጠበች ነበር። ግሩም ባልዲዎቹን አነሳ፤ ሰማያዊውን ወስዶ ከአጥሩ በላይ ወንዙ ውስጥ ደፋው፣ አረንጓዴውን በረዶው ሣጥን ውስጥ ገለበጠው። አላያቸውም፤ አንዴ አይቷቸዋል፣ ደግሞም ዓይኑን እንቅልፍ ተጭኖታል። ሣጥኑን ከድኖ ሲመለስ ደስ አለው። ሰው ሳያዋርድ ሥራ ያቃና መስሎት ነበር።

አስተባባሪዋ ረፋዱ ላይ መጣች። የሣጥኑን ክዳን አነሳችና እንደቆመች ቀረች። በረዶው ላይ የተጋደሙት ሴቶቹ ናቸው፤ ክንፋቸው ሙሉ፣ እንቁላላቸው በረዶው ላይ እየፈሰሰ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። አንዷን አንስታ ትንሽ ይዛት ቆየችና መልሳ አስቀመጠቻት።

«ዛሬ የለየው ማነው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ» አለች ቲጂ።

«እኔ ነኝ» አለ ግሩም፣ እኩል።

ሴትዮዋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየቻቸው። «ደክሟችኋል» አለች። «ዛሬ ይብቃ። ስለሚቀጥለው ቅዳሜ በኋላ እንነጋገራለን።» ወደ መኪናዋ ስትሄድ ትከሻዋ ወድቆ ነበር።

«እኔ እኮ ስዊች አድርጌው ነበር» አለች ቲጂ በሹክሹክታ። «እናንተ መጸዳጃ ስትሄዱ በትልቁ ሳፋ አገላብጬ፣ ዓሣውን በሙሉ በየራሱ ባልዲ መለስኩት። ባልዲውን ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩ።»

«አይቼው ነበር» አለ ግሩም። «እኔም ዝም አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ያን ሣጥን አላዩም። ሁለት ሰዎች ያንኑ ስህተት ሁለት ጊዜ አርመው መልሰው ስህተት አደረጉት፤ አንዲት ቃል ከአንዳቸው አፍ ብትወጣ ኖሮ ሴቶቹ ዓሦች ይህን ጊዜ ሽቅብ እየወጡ ነበር። እኛ ሰው የምናከብረው እንዲህ ነው፤ ያከበርነውን ሰው ደግሞ ከመንገዱ ላይ አንመልሰውም።

ጋሼ ሙላው ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። ወደ ሣጥኑ ቀረብ አሉና እጃቸውን በረዶው ውስጥ ሰደዱ። አንዷን ዳሰሱ፣ ሁለተኛዋን ዳሰሱ፣ ሦስተኛዋን። አውራ ጣታቸው በየጀርባቸው ያቺን ክንፍ ያገኛታል።

«በቀኜ የነበረው አረንጓዴው አልነበረም?» አሉ። እጃቸውን ጠርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ግሩም ተከተላቸው። ድንገት ሰኞ ትዝ አለው። የጋሼ ሙላው እንጀራ ሹፌርነት ነው፤ ሰኞ ማለዳ የመሥሪያ ቤታቸውን ቫን አስነስተው፣ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ በሽተኞች ከየቤታቸው ለቅመው ሆስፒታል ያደርሳሉ። ያን መስተዋትም ማንም ሴት አልገጨችውም። በሹፌሩ በር ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«እኔ ድራይቭ ላድርግ።»

«አንተ? ሌሊቱን ቆመህ ያደርክ ሰውዬ?»

«ባልዲው ምን ከለር እንደሆነ አላዩትም።» እጁን ለቁልፉ ዘረጋ። «መብራቱንስ እንዴት ነው የሚያዩት?»

ጋሼ ሙላው መኪናዋን ተደገፉ። «በቦታው ነዋ» አሉ። «ላይ ያለው ቀይ፣ ታች ያለው አረንጓዴ። ደግሞም ከፊቴ ያለው ሲቆም እቆማለሁ።»

«ከፊትዎ መኪና ከሌለስ?»

«ቀስ እላለሁ።»

«ቫኑን ይዘውም እንደዚህ ነው?»

ጋሼ ሙላው ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ግሩም ተናደደ፤ በሳቸው ላይ ተቆጥቶ አያውቅም፣ አሁን ግን ቁጣው አፉን ሞላው። «የሰው እናት ነው እኮ የሚጭኑት፣ ጋሼ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩህ እኮ።»

«መቼ?»

«ዶክተሩ የሄደው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ካለኝ ወዲህ መንገዱን ብቻዬን ፈራሁት። ዌርሃውስህ በር ድረስ እየመጣሁ የምወስድህ ለምን መሰለህ? አጠገቤ ዓይን ያለው ሰው ይቀመጥ አልኩ። አነዳዴን ሲያይ ይገባዋል፣ ሲገባው ይናገረኛል፣ ያኔ እተወዋለሁ አልኩ። በራሴ አፍ ማለቱ አቃተኝ።» ቁልፉን በጣታቸው አገላበጡት። «አንተ ግን ገና ቀበቶህን ሳታስር ትተኛለህ።»

«ይቀሰቅሱኝ ነበራ።»

«አሳዘንከኝ። ያን ድካም እያየሁ እንዴት ልቀስቅስህ?»

ግሩም ያን ሁሉ ቅዳሜ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ የጭነት መኪና በሚያገሳበት አስፋልት ላይ የማያዩትን መስመር እየገመቱ ሲነዱ ታየው። ፈራ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ሐፍረቱ ባሰ፤ እንደ ልጃቸው ተማምነውበት እሱ ተኝቶባቸዋል።

ቁልፉን ሰጡት። ወንበሩን ወደ ፊት ስቦ ተቀመጠ፣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደ። ጋሼ ሙላው በእሱ ቦታ፣ በተሰበረው መስተዋት በኩል ተቀመጡ። ቀበቶውን ለማሰር ቀዳዳውን በጣታቸው ፈለጉ፤ ግሩም እጃቸውን ይዞ አስገባላቸው። ከዚያ በፊት ያላዩት መንገድ ይመስል ቀስ ብለው ወጡ።

ኖርክሮስ ሳይደርሱ የግሩም ሽፋሽፍት ከበደው። «ጋሼ፣ ዝም አይበሉኝ» አለ። «ያጫውቱኝ፣ አለበለዚያ ተያይዘን ገደል ነው።»

ጋሼ ሙላው ትንሽ ሳቁ። ስለ ቫኑ ሰዎች አወሩለት፤ ስለ አንዲት ሁሌ ከረሜላ ስለምትሰጣቸው ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት፣ ሰኞ ማን ይወስዳት ይሆን እያሉም። መስቀለኛው ላይ ግሩም ፍሬን ያዘ። ከፊታቸው መኪና አልነበረም።

«ምን በራ?» አሉ ጋሼ ሙላው።

«ቀይ ነው።»

«እሺ» አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሰኞ ጠዋት ሹፌሮቹን የሚያሰማራው ዲስፓች ጋ ደውዬ ቫኑን አልወስድም እላለሁ።»

«እኔ ልደውልልዎት?»

«አይ፣ እኔው ነኝ የምደውለው። አንተ መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥ።» መብራቱ ተቀየረና መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። «ነቅተህ ነው ታዲያ የምትቀመጠው» አሉ።