ሁለተኛው ስርጉድ

ቀጥቃጩ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያቃና ኖሮ የራሱን ፍሬቻ ማሠራት ያቃተው ሰው ነበር። የግራው አምፖል ከተቃጠለ ወር አልፎታል። ያን ቀን ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ታጠፈ። እጁን በመስኮት አላወጣም፤ ስፖኪዮውንም አላየም። ከኋላው አንድ ነገር ጧ አለ።

ፍሬን ይዞ ወረደ። አንድ ሞተር መሬት ላይ ተጋድሞ የኋላ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ሞተረኛው ግን ተነስቶ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጺሙን ያሳደገ፣ ቢጫ ሄልሜት ያጠለቀ ሰው ነው። ሱሪውን ያራግፋል።

"ምን ሆንክ? ተረፍክ?" አለው ቀጥቃጩ።

"ምንም አልሆንኩም አባቴ። እኔም ስበር ነው የመጣሁት።" ሳቀ። "ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ሰዓት ከሩብ።"

ሞተሩን አብረው አነሱት። መሪው ትንሽ ጠመም ብሏል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ሞተረኛው የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበቱ ቆንጥጦ ይዞ መሪውን መለሰው።

"የመኪናዎን በር አበላሸሁት እኮ" አለ።

"የበሩን ነገር ለኔ ተወው። ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ልሂድ፣ ይጠብቁኛል። ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ሰዓት ከሩብ" አለው ቀጥቃጩ። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

ሞተረኛው እጁን አውለብልቦ ሄደ። ቀጥቃጩ ስሙን አልጠየቀውም። ስልኩን አልተቀበለውም፤ ታርጋውንም አላየም። ትራፊክ አልጠራም። ያየ ሰው ይኖር እንደሆነ እንኳ ዞር ብሎ አልፈለገም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል። ተጋጭተው ለሚመጡ ደንበኞቹ ሁሉ ራሱ የሚሰጠው ምክር ነው።

ጋራዡ ውስጥ ቀለም ቀቢው ይጠብቀዋል። አፉ ስለማይዘጋ ሬድዮ ይሉታል።

"ጋሼ፣ ደንበኛ ቢጠፋ ራስዎ ተገጭተው መጡልን?" አለው። "እንዲህ ነው እንጂ አለቃ!"

"ዝም ብለህ ብርጭቆ ወረቀትህን ፈትግ።"

ሌላ ሰው ቢሆን የሬድዮን ወሬ አንድ ሳምንት አይችለውም። ቀጥቃጩ ግን አሥራ አንድ ዓመት ችሎታል፤ ከዝምታ ይሻለዋል። ሥራ በሌለ ቀን እንኳ መዶሻውን አያስቀምጥም። የወደቀ ቁራጭ ላሜራ አንስቶ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ጎረቤቶቹ ትጉህ ነው ይላሉ።

የኋላውን የግራ በር የውስጥ ልባስ ፈታ። የሞተሩ መሪ እጀታው ሥር ወግቶት ጡጫ የሚያህል ስርጉድ ሠርቷል። ከኋላ ብረት ደግፎ፣ ከዳር ወደ መሃል እያሳነሰ መታው። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀበት። ሲጨርስ እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በላሜራው ላይ አሳለፈ። የቀረ ነገር ካለ የሚያገኘው በዚህ ነው።

መዳፉ ያቃናውን ቦታ አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ ጠርዝ ሲደርስ ሰመጥ አለ።

ዓይኑን ገለጠ። ስርጉድ አይታይም። ጨፍኖ እንደገና አሳለፈ። አለ። ክብ ነው፤ ጥልቀት የለውም፤ የጎድጓዳ ሳህን ቂጥ ያረፈበት ይመስላል። መሪ እንዲህ አይወጋም። ክርንም ጉልበትም እንዲህ ክብ አይተውም። ላሜራው በዚያ ቦታ ድርብ ነው፤ እሱን ለማስመጥ ምን ያህል ምት እንደሚያስፈልግ ክንዱ ያውቀዋል።

አንድ ድምፅ ነው የሰማው። ስርጉዱ ግን ሁለት ነው።

ያኔ ነው የሞተረኛው ጥያቄ የታወሰው። ስንት ሰዓት ነው? ሁለት ጊዜ ጠይቆታል። ሁለት ጊዜ መልሶለታል።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ጋራዡ ጭር አለ፤ በዚያ ጭርታ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ መዶሻው ዝም ባለ ቁጥር የሚመጣው ድምፅ ነው። "ምሳ በላን?"

ቀጥቃጩ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። የአባቱን ሞተር ሳያስፈቅድ አውጥቶ ታናሽ ወንድሙን ከኋላ ጫነው። መታጠፊያ ላይ አንድ መኪና ነካቸውና ወደቁ። ወንድሙ እየሳቀ ተነሳ፤ ምንም አልሆንኩም አለ። የሞተሩ የቤንዚን ጋን ግን ጎድጉዶ ነበር፤ ልጆቹ የፈሩት እሱን ነው። ቤት ሲደርሱ ወንድሙ "ምሳ በላን?" አለው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና "ምሳ በላን?" አለው። አልበሉም ነበር። "በልተናል፣ ተኛ" አለው፤ ማንም ሳያይ ጋኑን ማቃናት ነበረበት። ጋኑን ፈትቶ፣ በአፉ በኩል ቆልመም ያለ ብረት አስገብቶ፣ ሲገፋና ሲመታ ዋለ። አሳመረው። ማታ እናታቸው ልጇን ብትቀሰቅሰው አልነቃም።

አባትየው ሞተሩን ዙሪያውን እየዞረ አየው። አንድም ምልክት አላገኘም። ልጁ በምን እንደሞተ ሳያውቅ እሱም ሞተ። ቀጥቃጩ የመጀመሪያ ሥራው እንዲህ ያማረለት ሰው ነው።

"ሬድዮ! ና እስቲ ወዲህ!"

ሬድዮ ድምፁ እንግዳ ስለሆነበት እየሮጠ መጣ። ቀጥቃጩ ጣቱን ስርጉዱ ላይ አደረገለት። ጠርዙ ላይ ጥፍር የማታህል ቢጫ ቀለም ተጣብቃለች።

"ይህን ቀለም ታውቀዋለህ?"

ሬድዮ በጥፍሩ ቧጠጠው፤ አሸተተው። "ይሄ የፋብሪካ አይደለም ጋሼ፣ በብሩሽ የተቀባ ነው። የጋዝ ሲሊንደር ይቀቡበታል። ከድልድዩ ማዶ ያሉት የጋዝ አመላላሾች በትርፉ ሄልሜታቸውን ይለቀልቁበታል። አቀባብ እንዳይመስልዎ፣ ግድግዳ ነው የሚያስመስሉት!"

"ግባ መኪና ውስጥ።"

"በሩ የውስጥ ልባስ የለውም እኮ።"

"ግባ አልኩህ!"

ቀጥቃጩ ሲታጠፍ ሁሉ ክንዱን እስከ ትከሻው በመስኮት እያወጣ ነዳ። ድልድዩን ተሻግረው የጋዝ መጋዘኑ ግቢ ሲገቡ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሲሊንደር የምትመዝነው ሴት ከሚዛኗ ቀና አለች።

"ጺም ያለው ሞተረኛ፣ ሄልሜቱ ቢጫ…" አለ ቀጥቃጩ።

"እዚህ የሁሉም ቢጫ ነው አባባ፣ የጺም ቸግሮንም አያውቅም" አለች። ፊቱን ስታይ ቀልዱን ተወችው። "አንዱ ዛሬ አላማረበትም። ሁለት ጊዜ አንድ ቤት ሄዶ ተመለሰ። ራሴን አመመኝ አለና ከተከመረው ጣውላ ጥላ ሥር ጋደም ብሏል። ይተኛ ተዉት፣ ደክሞት ነው።"

ቀጥቃጩ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ሮጠ። ሞተረኛው በጎኑ ተኝቶ ያንኮራፋል። ያስመለሰው አገጩ ላይ ደርቋል። ሄልሜቱ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ከግራ ጆሮ በላይ ያለው ቢጫ ተልጧል።

"ተነስ! ስማኝ፣ ተነስ!"

ሞተረኛው ዓይኑን በግማሽ ገለጠ። አንደኛው ብሌን ከሌላው ይሰፋል። መልሶ ጨፈነው።

አንገቱን እንዳያጣምሙ ተጠንቅቀው፣ በሰፊ ጣውላ ላይ አድርገው፣ በመጋዘኑ ፒክአፕ ሆስፒታል አደረሱት። ቀጥቃጩ ከኋላ አብሮት ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ያናግረው ነበር። ሬድዮ መኪናውን እየነዳ ተከተላቸው።

ዶክተሯ ወጣት ናት። "ራሱን ሲመታ አይተዋል?" አለችው።

"አላየሁም።"

"ታዲያ በምን አወቁ?"

"በሩን ዳስሼ። ጠዋት ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ጠይቆኛል። ሁለቴ መለስኩለት።"

ዶክተሯ አልጋውን እያስገፋች ገባች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወጥታ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ፣ አሁኑኑ መከፈት እንዳለበት፣ ስለ መዳኑ አሁን መናገር እንደማይቻል ነገረቻቸው።

ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሬድዮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። ድምፁን ሲቀንስ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

"ጋሼ፣ የሚገባዎትን አድርገዋል፤ አሁን እንሂድ። የመጋዘኑ ሰዎች ሌላ ሰው ሲገጨው ያዩ ነው የመሰላቸው። እሱ ራሱ ቢነቃም አያስታውስም። የታችኛውን አቃንተውታል፤ የላዩን አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ ቀለም ላልብሰው። ማን ያውቃል?"

"ማንም አያውቅም" አለ ቀጥቃጩ።

"እኮ!"

"ተቀመጥ።"

ወዲያው አንዲት ሴት የመጋዘኑ ሰዎች ደውለውላት፣ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነስታ የመጣች። በአገናኝ መንገዱ ላይ ጮኸች።

"ልጄን የገጨብኝ ማን ነው?"

ቀጥቃጩ ተነሳ።

"እኔ ነኝ። ፍሬቻ ሳላሳይ ነው የታጠፍኩት።"

ሴትዮዋ አየችው። እጇ ተነስቶ ቀረ።

"ያመጣልኝስ?"

"እሱም እሳቸው ናቸው" አለ ሬድዮ ከኋላ።

ሴትዮዋ በዚያ እጇ ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ ደግሞ ጠቀለለችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም የቀዶ ሕክምናውን በር ያዩ ጀመር።

ቀጥቃጩ ከሰዓት በኋላ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ተመልሶ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን እናትየው ልትበላ ስትወጣ አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር ለቀቀችለት። የሞተረኛው ራስ በነጭ ፋሻ ተጠምጥሟል። ዓይኑ ተገልጧል።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለ።

ቀጥቃጩ ሰዓቱን አየ።

"አምስት ሰዓት ከሃያ።"

ጠበቀ። ሞተረኛው ኮርኒሱን አየ፤ ከንፈሩን ላሰ። አፉን ሲከፍት ቀጥቃጩ የአልጋውን ብረት ጨበጠ።

"ሞተሬስ?" አለ ሞተረኛው።

"ሞተርህ ደህና ነው" አለ ቀጥቃጩ። "ሞተርህ ደህና ነው ልጄ።"

ቀትር ላይ ጋራዡ ገባ። የመኪናው በር እንደተፈታ ነው። የላይኛው ስርጉድ አለ፤ ሊነካው አልፈለገም፤ እዚያው ይቀራል። ሬድዮ ከወዲያ በኩል ቀለም እየረጨ፣ ከጩኸቱ በላይ ያወራል። ቀጥቃጩ የውስጥ ልባሱን መልሶ ገጠመ፤ የግራውን አምፖል ቀየረ። መዶሻውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ዘጋ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

መጣ። "ምሳ በላን?"

"አልበላንም" አለ ጮክ ብሎ። "አልበላንም። እንዳትተኛ።"

"ማንን ነው ጋሼ?" አለ ሬድዮ።

"ወንድሜን።"

ሬድዮ የቀለም መርጫውን አጠፋው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ ወንድም እንደነበረው አያውቅም። ባልዲ ገልብጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ አንዲት ቃል ሳይናገር።